ከአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በኋላ ወይኑ ለምን ሌላ ሆነ?

ይህን ጥያቄ በአንድ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ያነሣሁት፣ የውይይት ክሩንም የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምላሾቹ ሠላሳ አራት ከደረሱ በኋላ አንዲት አንባቢ ሁሉን ለማንበብ ጊዜ እንዳጣች ገልጻ፣ ማን ምን እንዳለ ባጭሩ እንድነግራት ጠየቀችኝ። ባጭሩ መናገር ከድሮም አይሆንልኝም፤ ቢሆንም ሞክሬያለሁ። ከስድብ በቀር ሌላ ነገር ያልያዙትን ዘልያቸዋለሁ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመክፈቻው ጽሑፍ

የምኖረው በፈረንሳይ፣ ቡርጎኝ ውስጥ ባለችው በዲዦን ከተማ ነው፤ ሥራዬ የምግብ ቤት አስተናጋጅነት ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት እንግዶች ተነሥተው ሲሄዱ በሁለት ጠርሙሶች ግርጌ ግማሽ ግማሽ ብርጭቆ የሚሆን ቀይ ወይን ጠጅ ቀርቶ አገኘሁ። ሁለቱም የአንድ ጠማቂ ሥራ፣ የአንድ ዓመት ለቀማ፣ ሁለቱም ፒኖ ኗር ከሚባለው የወይን ዘር ብቻ የተጠመቁ ነበሩ። የሚለዩት በመንደራቸው ነው፤ አንዱ የሻምቦል ሙዚኚ፣ ሌላው የዠቭሬ ሻምበርታን። ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው በእግር ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

የሻምቦሉ እንጆሪና ጽጌረዳ ይሸታል፤ ምላስ ላይ እንደ ሐር ይንሸራተታል። የዠቭሬው ጠቆር ያለ ነው፤ እንደ ጠንካራ ሻይ ድድን ጨበጥ አድርጎ ይይዛል፣ ከኋላው የቆዳና የእርጥብ አፈር ሽታ ይመጣል። ፈረንሳዮች ለዚህ ልዩነት አንድ ቃል አላቸው፣ ቴሯር ይሉታል። አፈሩን፣ ከአፈሩ ሥር ያለውን ዐለት፣ ተዳፋቱን፣ ፀሐዩን፣ ዝናቡን አንድ ላይ የሚጠራ ቃል ነው፤ አንዳንዶች የገበሬውን እጅና ልማድም ይጨምሩበታል። ጥያቄዬ ይህ ነበር፦ ሁለቱን ወይኖች የለያያቸው በእርግጥ መሬቱ ነው ወይስ እኔ ከመቅመሴ በፊት የጠርሙሱን ስም ስላነበብኩ ነው?

ምላሾቹ

ምላሽ 1 የመጣው በአዲስ አበባ ሆቴሎች በመጠጥ ክፍል ብዙ ዓመት ከሠሩ አንድ አባት ነው። በትሕትና ጀምረው ቦታውን በሥዕል እንደሚያሳዩ ሆነው ገለጹት። ኮት ዶር የሚባለው ተረተር ከዲዦን ተነሥቶ ወደ ደቡብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የማለዳውን ፀሐይ ይቀበላል። ከላይ ጫፉ ላይ አፈሩ ስስ፣ አየሩ ብርድ ነው፤ ከታች ከመንገዱ አጠገብ አፈሩ ወፍራም፣ እርጥበቱ ብዙ ነው። ታላላቆቹ ማሳዎች ወገቡ ላይ ናቸው። የወይኑ ማዕረግም የተዳፋቱን ቅርጽ ተከትሎ የተሰጠ ነው ይላሉ፦ ከግርጌው ተራው የክልሉ ወይን፣ ከፍ ሲል የመንደሩ፣ ከዚያ ፕሪሚየር ክሩ የሚባለው አንደኛ ደረጃ፣ ከወገቡ ግራን ክሩ የሚባለው ከሁሉ ታላቁ ማዕረግ። ማሳዎቹ በአገሬው አጠራር ክሊማ ይባላሉ፤ ቁጥራቸው ከ1,200 በላይ ነው፣ በ2015ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። መጨረሻ ላይ ክሎ ደ ቩዦ የተባለውን ታላቅ ማሳ ያለሙት የቤኔዲክት መነኮሳት እንደሆኑ ጨመሩ። ይህች ዐረፍተ ነገር በኋላ ዋጋ አስከፍላቸዋለች።

ምላሽ 2 አንድ መስመር ብቻ ነበር። ሰውየው የቴሯሩን ነገር ወደ ጎን ትቶ፣ እንግዳ የተወውን የሚቀምስ አስተናጋጅ ያለበትን ምግብ ቤት አድራሻ ጠየቀ። ሠላሳ ሰው ወደደለት። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ።

ምላሽ 3 ውይይቱን ከጨዋታ ወደ ቁም ነገር መለሰው። ጸሐፊዋ የአፈር ሳይንስ ተመራማሪ ናት፤ ጀርመን አገር ታስተምራለች። ከሁሉ አስቀድማ አንድ ነገር አፍርሳለች፦ የወይኑ ሥር ከድንጋዩ ጣዕም ምጎ ወደ ብርጭቆ አያመጣም። መሬቱ የሚሠራው በዋናነት በውኃ በኩል ነው። የወይን ተክል ውኃ እንደ ልቡ ሲያገኝ ቅጠልና ሐረግ ማብቀሉን አያቆምም፤ ፍሬው ይተልቃል፣ ይቀጥናል፣ ሳይበስል ይቆያል። ፍሬው መቅላት በሚጀምርበት ወቅት መጠነኛ ጥማት ከያዘው ግን ሐረጉን ማስረዘም ትቶ ኃይሉን ወደ ዘለላው ይመልሳል። ፍሬው ትንሽ ይሆናል፤ ፍሬ ሲያንስ ደግሞ ከጭማቂው አንጻር የቆዳው ድርሻ ይበዛል። የቀይ ወይን ቀለምና ድድ የሚይዘው ታኒን በአብዛኛው ከቆዳው ስለሚወጡ ወይኑ ይከብዳል፣ ይጠቁራል። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ያለው የቦርዶ ተመራማሪ ዤራር ሴገን በዚያው በቦርዶ ክልል በሜዶክ ማሳዎች ላይ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ወሳኙ አፈሩ ምን ማዕድን ይዟል የሚለው ሳይሆን ውኃ እንዴት ይሰጣል፣ እንዴት ይነሣል የሚለው ነው።

ስለ እኔ ሁለት ጠርሙሶችም አልዘነጋችም። ሁለቱ መንደሮች የተቀመጡት ከዳይኖሰሮች ዘመን ባሕር በተረፈ የኖራ ድንጋይ ላይ ነው። የሻምቦል አፈር በጥቅሉ ስስ፣ ድንጋያማ፣ ኖራው የበዛ ነው፤ በዠቭሬ ደግሞ በብዙ ቦታ የሸክላው ድርሻ ከፍ ይላል። ለእኛ ሰው እንዲገባ ብላም ጤፍ የሚኮራበት ጥቁሩ መረሬ አፈር ለእንዲህ ያለ ወይን ከመጥፎ የሚቆጠር መሆኑን ጻፈች። የገበሬ ልጅ ነኝና ይህ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል፤ እኛ ለም የምንለውን እነሱ ይሸሹታል።

ምላሽ 4 ሮም ውስጥ በወይን መሸጫ የሚሠራ ወጣት ነው። ተመራማሪዋን በአክብሮት እኅቴ ብሎ ቢጀምርም አልተስማማም። ወይን ውስጥ ድንጋይ እንደሚቀምስ፣ በተለይ ከኖራ መሬት በመጣ ወይን ውስጥ ዝናብ የነካው ጠጠር ሽታ በግልጽ እንደሚያገኝ፣ ሙያው የሚከበረውም በዚህ እንደሆነ ተናገረ።

ምላሽ 5 ከቦርዶ ከተማ ነበር፤ 1ኛውን ሳይሆን የ3ኛዋን ነገር የሚያጠናክርና በአንድ ቦታ የሚያርም። ደሃና ደረቅ መሬት ብቻ ነው ታላቅ ወይን የሚሰጠው የሚለው አነጋገር ግማሽ እውነት መሆኑን አስረዳ። በሜዶክ በኩል ወንዙ ያከማቸው ጥልቅ ጠጠር አለ፤ ዝናቡን ወዲያው ያሳልፋል፣ በፀሐይም ይሞቃል፣ ስለዚህ ዘግይቶ የሚበስለው ካበርኔ ሶቪኞ የተባለው የወይን ዘር ይደርስበታል። ከወንዙ ማዶ በፖምሮል ግን ከዓለም ውድ ወይኖች አንዱ የሆነው ፔትሩስ የሚበቅለው በሰማያዊ ሸክላ ላይ ነው። ማሳው አሥራ አንድ ሄክታር ተኩል እንኳ አይሞላም። ሸክላው ውኃ ይይዛል፤ ነገር ግን አጥብቆ ስለሚይዝ ለሥሩ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚለቀው። ሜርሎ የተባለው ዘር ይህን ይወዳል። ጠጠርና ሸክላ ተቃራኒ ናቸው፤ ለተክሉ የሚያደርጉለት ግን ተመሳሳይ ነው፣ ሳያጠግቡና ሳያስርቡ ማኖር።

ምላሽ 6 እንደገና 3ኛዋ ናት፣ ለ4ኛው መልስ። እዚህ ላይ ድምጿ ጠንከር ብሏል። ብሪታንያዊው የሥነ ምድር ሊቅ አሌክስ ማልትማን ለዓመታት ሲያስረዳ የኖረውን አነሣች፦ ዐለት ራሱ ሽታም ጣዕምም የለውም፤ ወደ ፍሬው የሚገባው የማዕድን መጠን ምላስ ሊያውቀው ከሚችለው በታች ነው። ዝናብ የነካው ጠጠር የምንለው ሽታ ከድንጋዩ ሳይሆን በላዩ ላይ ካረፉ የእፅዋት ዘይቶችና በአፈር ውስጥ ካሉ ጥቃቅን ሕዋሳት የሚነሣ ነው። በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ሲመታው የሚሸተንን ሁላችንም እናውቃለን፤ ያ ነው አለችው። ወጣቱን ሽታውን አልሸተትክም አላለችውም፤ ሽተሃል፣ ስሙን ግን ተሳስተሃል ነው ያለችው። ይህ ልዩነት ለብዙዎች አልታያቸውም፤ ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ ቀምሶ የሚያውቀውን የተከለከለ ይመስል መቆጣት ጀመረ።

ምላሽ 7 የእርማት ሰው ነው። በየመድረኩ አንድ አይጠፋም። የክሎ ደ ቩዦ መነኮሳት ቤኔዲክታውያን ሳይሆኑ የሲቶ ገዳም ሲስተርሲያውያን እንደነበሩ፣ ገዳሙ የተመሠረተው በ1098 መሆኑን፣ ሃምሳ ሄክታር ያህሉን ማሳ የከበበው የድንጋይ አጥር በ1336 እንደተጠናቀቀ ዘረዘረ። ቀጥሎም የመሬቱን ስም ያቆየው መነኩሴ ብቻ እንዳልሆነ፣ በ1395 የቡርጎኝ መስፍን ፊሊፕ ጋሜ የተባለውን ብዙ የሚያፈራ ዘር ከግዛቱ እንዲነቀል ማዘዙን፣ ፒኖ ኗር ብቻውን የገነነው በሥልጣን ትእዛዝ ጭምር መሆኑን አስታወሰ። ትክክል ነው። ዳሩ ግን አዛውንቱን ሳያነቡ የሚጽፉ ብሎ መጥራት አያስፈልገውም ነበር። አዛውንቱ አመስግነው ዝም አሉ። ሲስተርሲያውያን ራሳቸው የቤኔዲክትን ሥርዓት የሚከተሉ በመሆናቸው ስሕተታቸው ያን ያህል የራቀ አልነበረም፤ ይህን የምጨምረው እኔ ነኝ።

ምላሽ 8 ክሩን አጋለው። ጸሐፊው ነገሩን በሙሉ ተረት ብሎ ሁለት ማስረጃ አቀረበ። አንደኛው በ2001 ከቦርዶ የወጣው ጥናት ነው፤ ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ ተደርጎ ለ54 ሰዎች ሲቀርብ፣ ሽታውን ለቀይ ወይን በሚውሉ ቃላት ገለጹት። ሁለተኛው የ1976ቱ የፓሪስ ቅምሻ ነው። በፈረንጆች ግንቦት 24 ቀን እንግሊዛዊው ነጋዴ ስቲቨን ስፐሪየር ፈረንሳውያን ቀማሾችን ሰብስቦ ስም በተሸፈነ ጠርሙስ ሲያስቀምሳቸው፣ ከቀዮቹ አንደኛ የወጣው የቦርዶ ታላላቆች አንዱ ሳይሆን የካሊፎርኒያው የ1973 ስታግስ ሊፕ ነበር። እንግዲህ ሰባት መቶ ዓመት የተዘመረለት አፈር የት ገባ የሚል ነበር ጥያቄው። ወደ ጉዳዩ መሐል መግባቱ ደስ ይል ነበር፣ ማሾፍ ባይጨምርበት።

ምላሽ 9 በካሊፎርኒያ ኦክላንድ የሚኖር የታክሲ ባለንብረት ነው፤ በዕረፍት ቀኑ ናፓ ሸለቆ ድረስ እንግዶች ያመላልሳል። የ8ኛውን ሁለተኛ ማስረጃ መልሶ በራሱ ላይ አዞረበት። የናፓውም ወይን ቦታ አለው፤ ስታግስ ሊፕ ዐለታማ ገደል ያለበት፣ ቀን ድንጋዩ የሚግልበት፣ ከሰዓት በኋላ ከባሕረ ሰላጤው ቀዝቃዛ ነፋስ የሚገባበት ሰፈር ነው። ቅምሻው ያሳየው ሌላም ጥሩ መሬት መኖሩን እንጂ መሬት ሁሉ አንድ መሆኑን አይደለም። እውነቱን ለመናገር ከክሩ ሁሉ በክርክርነቱ ያረካኝ ይህ ምላሽ ነው።

ከ10 እስከ 12 ያሉትን በፍጥነት ልለፋቸው። 8ኛው ለ9ኛው ሲመልስ አንተ አለው፤ 9ኛው ደግሞ የልጅ ልጅ እንዳየ፣ በማያውቀው ሰው አንተ ሊባል እንደማይገባ ገለጸ። 8ኛው በመድረክ ላይ ሁሉም እኩል ነው አለ። ሦስተኛ ሰው ገብቶ ሁለቱንም ሊያስታርቅ ሲል ለሁለቱም አንተ አላቸው። አስተዳዳሪው ጣልቃ ገባ።

ምላሽ 13 ወደ ቡና ወሰደን፤ መቼም መወሰዱ አይቀርም ነበር። የሲዳማ ተወላጅ የሆነች ቡና ላኪ፣ ፈረንሳዮች ቴሯር የሚሉትን እኛ ቃል ሳንሰጠው ስንኖርበት መቆየታችንን ጻፈች፤ የይርጋ ጨፌን የአበባ ሽታና የሐረርን የእንጆሪ ጣዕም ማን ይዘነጋዋል? ምላሽ 14 በዚህ ላይ የሕግ ነገር ጨመረ። ፈረንሳይ በ1935 የቦታ ስምን በሕግ የሚጠብቅ ሥርዓት አቁማለች፤ ከተወሰነው ክልል ያልወጣ፣ በተወሰነው ዘር ያልተሠራ ወይን የመንደሩን ስም አይሸከምም። ኢትዮጵያ ግን ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች ለመጠበቅ የመረጠችው የንግድ ምልክት መንገድ ነበር፤ ከስታርባክስ ጋር የነበረው ክርክርም በ2007 በስምምነት ያበቃው በዚሁ መንገድ ነው። ምላሽ 15 ግን የ13ኛዋን ንጽጽር ቆረጥ አድርጎ አረመው። የሐረር ቡና ከነገለባው ፀሐይ ላይ የሚደርቅ ነው፤ ታጥቦ የሚዘጋጅ የይርጋ ጨፌ ቡና ደግሞ ሌላ ነው። ያ የእንጆሪ ጣዕም ግማሹ የአደራረቁ ሥራ ከሆነ፣ መሬቱ ብቻውን ሊመሰገን አይገባውም። ወይኑም እንዲሁ፤ አዲስ የባሉጥ በርሜል ውስጥ የከረመ ወይን ቫኒላና ጭስ ይሸታል፤ ይህ የእንጨቱ እንጂ የአፈሩ አይደለም። ይህን አስተያየት አስታውሱልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ምላሽ 16 አጭርና ውብ ነበር። ወይና ደጋ ስንል የምንጠራው ራሱ ወይንን መሆኑን አስታወሰ፤ አባቶቻችን የአየር ጠባይን ከከፍታ ጋር አዛምደው ስም ሲሰጡ መካከለኛውን ደጋ ወይን በሚበቅልበት ለይተውታል። ለአንድ ቃል ፈረንሳይ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር ይላል። ምላሽ 17 የአንድ መሪጌታ ነው፤ ለቅዱስ ቁርባን የሚውለው ከደረቀ ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ የሚጨመቀው እንደሆነ ነግሮን፣ እኛ ስለምንጨቃጨቅበት ጠጅ ግን በጾም መካከል ምነው ባትነጋገሩ ብሎ ገሠጸን። ሁለት ሰዎች ይቅርታ ጠየቁ። ክሩ ግን አልቆመም።

ምላሽ 18 ከሜልቦርን መጣ፤ ለእኔ ከሁሉ የበለጠው እሱ ነው። ጸሐፊዋ በለቀማ ወቅት በወይን ማሳዎች በቀን ሥራ ትውላለች። በአውስትራሊያ አንዳንድ ቀይ ወይኖች ውስጥ የባሕር ዛፍ ሽታ ግልጥ ብሎ ይወጣል፤ ጠጪዎች ይህን የአፈሩ ምሥጢር ያደርጉት ነበር። ተመራማሪዎች ሲያጣሩት ሽታው የመጣው ከጎረቤት ባሕር ዛፎች ነው። ከቅጠሉ የሚተነው ዘይት በነፋስ ሄዶ ፍሬው ቆዳ ላይ ያርፋል፤ የቅጠልና የልጥ ስባሪም ከዘለላው ጋር አብሮ ይለቀማል። ለዛፉ የቀረበው ረድፍ ሽታው ይበዛበታል፤ ሲርቅ ይቀንሳል። ቀይ ወይን ከነቆዳው ስለሚብላላ ሽታውን ከነጭ ይልቅ እሱ ይወስዳል። ልጅቱ የእንጦጦ ልጅ ናት፤ መጀመሪያ የቀመሰች ቀን የእናቷ የማገዶ ሸክም ትዝ ብሏት እንዳለቀሰች ጻፈች።

በዚያው ምላሽ የሺራዝ ወይንን የቁንዶ በርበሬ ሽታም ጠቀሰች። ይህን የሚሰጠው ውሁድ ሮተንዶን ይባላል፤ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2008 በወይን ውስጥ ለይተውታል፣ በቁንዶ በርበሬው ውስጥም ያለው እሱው ራሱ ነው። ቀዝቀዝ ባሉ ቦታዎች ይበዛል፤ በሞቃት ሜዳ ይጠፋል። እንግዲህ ቦታ በጣዕም ላይ የሚሠራው በተጨባጭ ነው፤ አንዳንዴም መንገዱ በስም የሚጠራ ነው። 3ኛዋ ለዚህ ምላሽ ከማድነቅ በቀር የጨመረችው የለም። 4ኛው ግን ድንጋዩን ይዞ ቀረ።

ምላሽ 19 ስለ ገንዘብ ነበር፤ ቃላቱም የተሳሉ። በ2018 ኒው ዮርክ ውስጥ ሮማኔ ኮንቲ የተባለው የቡርጎኝ ማሳ የ1945 ወይን አንድ ጠርሙስ በ558,000 ዶላር መሸጡን አስታውሶ፣ ይህን ያህል ብር በአፍ የሚያልፍበት ዓለም ስለ አፈር ሊያስተምረን እንደማይችል ተናገረ። 7ኛው ለማረም ተመልሶ መጣ፤ በዚያ ዓመት የተሠራው 600 ጠርሙስ ብቻ መሆኑን፣ ከለቀማው በኋላ ማሳው ተነቅሎ እስከ 1952 ድረስ ወይን እንዳልወጣበት ገለጸ። እነዚያ አሮጌ ተክሎች በራሳቸው ሥር የቆሙ ነበሩ፤ ፊሎክሴራ የተባለችው የሥር ተባይ አውሮፓን ካጠፋች በኋላ የቀረው ወይን ሁሉ ማለት ይቻላል ተባዩን በሚችል በአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ተጣብቆ ነው የሚተከለው። ስለዚህ ዛሬ በቡርጎኝ አፈር ውስጥ ያለው ሥር የአሜሪካ ዝርያ ነው። ይህ ለ8ኛው ትልቅ ደስታ ሆነለት።

ምላሽ 20 የሐሰተኛውን ሩዲ ኩርኒያዋንን ታሪክ አመጣ። ይህ ሰው በቤቱ ወይን እየቀላቀለ በታላላቅ ስሞች ሲሸጥ ኖሮ በ2014 አሥር ዓመት ተፈረደበት። መጋለጥ የጀመረው በ2008፣ ከ1945 እስከ 1971 የተጠመቀ ነው የተባለ፣ ክሎ ሳን ደኒ የሚባል የቡርጎኝ ማሳ ወይን በኒው ዮርክ ጨረታ ላይ ሲያወጣ ነው። የጠርሙሱ ስም ባለቤት የሆነው የፖንሶ ቤተሰብ ግን ያንን ወይን መጥመቅ የጀመረው በ1980ዎቹ ነው፤ ባለቤቱ ከቡርጎኝ ተነሥቶ ጨረታው አዳራሽ ድረስ ሄዶ አስቆመው። ጸሐፊው የሚለው፣ ሰውየውን የያዘው ምላስ ሳይሆን መዝገብ መሆኑን ልብ በሉ ነው። ከባድ ነገር ነው፤ መልስ የሰጠው አልነበረም።

ስለዚህ ምላሽ 21ን እኔው ጻፍኩ። የሥራ ባልደረባዬን አስቸግሬ፣ ከአሠሪያችንም ፈቃድ አግኝተን፣ እነዚያን ሁለት ወይኖች እንደገና ከፈትን። ሦስት ብርጭቆ ይቀዳልኛል፤ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ አንዱ ሌላ ነው። ዓይኔን ታስሬ ሌላውን መለየት አለብኝ። በሦስት ምሽት ዘጠኝ ጊዜ አደረግነው። ስድስቱን አገኘሁ። በግምት ቢሆን ሦስት ይበቃኝ ነበር። ነገር ግን ከለየሁ በኋላ የትኛው ሻምቦል፣ የትኛው ዠቭሬ እንደሆነ ስጠየቅ ከስድስቱ ሁለቱን ተገላቢጦሽ ተናገርኩ። እንደ ሐር ያልኩት ነገር አንዳንዴ ከዠቭሬው መጣ።

ምላሽ 22 ምግብ ፋብሪካ ውስጥ በጥራት ቁጥጥር የሚሠራ ሰው ነው። ይህ ዓይነት ፈተና በሙያቸው የታወቀ መሆኑን፣ ለዘጠኝ ሙከራ ስድስት ማግኘት ሠንጠረዡ ልዩነት አለ ለማለት የሚጠይቀው ዝቅተኛው ቁጥር እንደሆነ ነገረኝ። በጠባብ በር ነው ያለፍከው አለኝ። 8ኛው ወዲያው ሁለቱን ስሕተት ይዞ ጮኸ። 9ኛው ደግሞ ስድስቱን ይዞ።

ከ23 እስከ 26 ያሉት ስለ ሙቀት መጨመር ተነጋገሩ። ጥሩው ነገር በ24ኛው ውስጥ ነው፦ በቡርጎኟ ቦን ከተማ ወይን የተለቀመበት ቀን ከ1354 ጀምሮ ተመዝግቦ ይገኛል፤ እስከ 1987 ድረስ ለቀማው በአማካይ መስከረም 28 ይጀመር ነበር፣ ከ1988 ወዲህ ግን በ13 ቀን ቀድሟል። መስከረሙ የፈረንጆች ነው። ታዲያ የተዳፋቱ ወገብ ታላቅ የሆነው የድሮው ብርድ ሚዛን ላይ ከሆነ፣ ሙቀቱ ሲጨምር ማዕረጉ ወደ ላይ መውጣት የለበትም ወይ ብሎ ጠየቀ። 25ኛው አየሩ ቢለወጥ ዐለቱ አይለወጥም አለ። 26ኛው ስለ በረዶ ጉዳት ረጅም ጽሑፍ ለጥፎ ሄደ።

ምላሽ 27 ወደ ዝዋይ መለሰን። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በሐይቁ አካባቢ ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞ ተክሎ በ2014 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች አውጥቷል። ምላሹ ያስተዋለው ነገር ጥሩ ነው፤ በአውሮፓ ተክሉን የሚያስተኛው ክረምት ነው፣ ከምድር ወገብ ስምንት ዲግሪ ላይ ግን የሚያስተኛ ብርድ የለም። ተክሉ መቼ እንደሚነቃ የሚወስነው የገራዡ መቀስ ነው፤ ቢፈለግ በዓመት ሁለት ጊዜ ማፍራት ይችላል። የቀኑ ርዝመት ብዙም አይለዋወጥም፣ ከፍታው ሌሊቱን ያቀዘቅዛል። ማሳውን የከበበው ቦይም ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገባ የተቆፈረ ነው፤ ቡርጎኝ ውስጥ ይህን ስነግራቸው ማንም አያምነኝም። ምላሽ 28 በጉደር ያደገ ሰው ነው፤ ጉደር ራሱ የቦታ ስም ሆኖ ሳለ ጠጅ ስንጠጣ ስለ ቦታው ጠይቀን አለማወቃችንን በቁጭት ጻፈ። ከ29 እስከ 31 ጉደር ወይስ አክሱማይት የሚል ክርክር ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ።

ምላሽ 32 ከኮንሶ ነው። በቡርጎኝ ጎርፍ ያወረደውን አፈር ገበሬዎቹ መልሰው ወደ ተዳፋቱ እንደሚያወጡት በሌላ ክር ጽፌ ነበርና እሱን አንሥቶ፣ በኮንሶ እርከንም አፈር በሰው ጀርባ እንደሚመለስ ተናገረ። በየዓመቱ የሚሸከሙት አፈር ተፈጥሮ ነው ወይስ ሰው ብሎ ጠየቀ። በክሎ ደ ቩዦ አጥር ውስጥ ሰማንያ ያህል ባለ ርስቶች መኖራቸውን፣ ከላይ የሚገኘው ስስ አፈርና ከታች ከመንገዱ ዳር ያለው ጭቃ አንድ ዓይነት የግራን ክሩ ማዕረግ መሸከማቸውን 1ኛው አዛውንት ከረጅም ዝምታ በኋላ ተመልሰው ጨመሩበት። የቁጥር ተራ ስላልያዙ ከ32 ጋር ቆጠርኳቸው።

ምላሽ 33 የመጨረሻዋ የ3ኛዋ ጥያቄ ነው፣ ለእኔ። ሁለቱ ጠርሙሶች በመሬት ብቻ እንደሚለያዩ በምን አወቅህ? ተክሎቹ እኩዮች ናቸው? የተጣበቁበት ሥር አንድ ነው? በርሜሉስ?

አላውቅም ነበር። በሰኞ የዕረፍት ቀኔ አውቶቡስ ይዤ ወደ ጠማቂው ሄድኩ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጥያቄ የማይሰለቹ ሰው ናቸው። የዠቭሬው ማሳ ተክሎች በአባታቸው ጊዜ የተተከሉ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ የሻምቦሎቹ ሃያም አልሞላቸው። ሥሩም ይለያያል። የዠቭሬው ግማሽ ያህሉ አዲስ በርሜል ውስጥ ይከርማል፤ ለሻምቦል ከአምስት አንድ በርሜል ብቻ ነው አዲስ። ፊቴ ላይ ያለውን አይተው ሳይሆን አይቀርም ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ለምን ለሁለቱም እኩል አዲስ በርሜል እንደማይሰጡ ጠየቅኋቸው። አንድ ዓመት ሞክረውታል፤ የሻምቦሉ እንጨት ብቻ ሆኖ ቀረ፣ ያንን ዓመት በርካሽ ሸጡት። የዠቭሬው ግን በርሜሉን ይችለዋል።

ይህን ሁሉ በምላሽ 34 ለ3ኛዋ ጻፍኩላት። እስካሁን አልመለሰችም።